አክተር አይሞትም

ባለፈው ነሐሴ እናቴን ልጠይቅ ወደ ጅማ ወርጄ ነበር። ቤታችን ቦሳ አዲስ ነው። የጅማን ክረምት የሚያውቅ አንባቢ እንደሚረዳልኝ፣ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ አንዴ ከጀመረ ሰውን ከቤት አያስወጣም። እናቴ ቡና ትቆላለች፤ ሁለት ጎረቤቶች መጥተዋል፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የእህቴ ልጅ ደግሞ ጥግ ይዛ፣ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ብቻዋን በሳቅ ትንከተከታለች።

«ምን አግኝተሽ ነው?» አልኋት።

«አጎቴ፣ ና እየው፤ ክሪንጅ ነው» አለችኝ።

ቃሉን ከእሷ እኩዮች አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ሌላው ሰው ለሚያደርገው ነገር እናንተ ስታፍሩለት፣ ትከሻችሁ ሲሸማቀቅ፣ ዐይናችሁን መመለስ እየፈለጋችሁ ሳትመልሱ ስትቀሩ፣ ያ ስሜት «ክሪንጅ» ይባላል። ቀረብ ብዬ አየሁ። አንድ ፈርጠም ያለ ጎረምሳ ከአንዲት ልጃገረድ ፊት ቆሞ፣ የት ጠፍታ እንደ ከረመች በእንግሊዝኛ ይጠይቃትና መጨረሻ ላይ በስፓኒሽኛ «እብዷ» ብሎ ያቆላምጣታል። አነጋገሩ ተጋኗል፤ ልጁ ግን ከልቡ ነው። ቀጥሎ ያንኑ ድምፅ ይዞ አንድ ድመት መጣ። ከድመቱ ቀጥሎ ነጠላ የለበሰ ወጣት፣ ከወጣቱ ቀጥሎ ሁለት አሮጊት ፈረንጆች። ሁሉም በዚያው ልጅ ድምፅ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

«ፊልሙን አይተሽዋል?» ስል ጠየቅኋት።

«የምን ፊልም?»

ሳቄ መጣ፤ ግን አልሳቅሁም። ይህች ልጅ ቀልዱን ከነዜማው በቃሏ ታውቀዋለች፤ ቀልዱ ከየት እንደ ተቆረጠ ግን አታውቅም፤ ማወቅም አላስፈለጋትም። እኔንም ወደ 1994 ዓ.ም.፣ ወደዚያው ወደ ቦሳ አዲስ መለሰችኝ። እኛም በዚያን ጊዜ አንድ የፍቅር ትዕይንት ቆርጠን፣ አንድ ልጅ ላይ ለጥፈን፣ ለብዙ ዓመት ስቀንበታል። ኢንተርኔት አልነበረንም። አፍ ግን ነበረን።

* * *

እንዲህ ያለውን ከሰው ወደ ሰው እየተቀዳ የሚሄድ ነገር ዓለም ዛሬ «ሚም» ይለዋል። ቃሉን የፈጠረው ናይሮቢ የተወለደው እንግሊዛዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ ሪቻርድ ዶውኪንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው «ራስ ወዳዱ ጂን» በተሰኘ መጽሐፉ፣ የዘር ባሕርይ ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ሁሉ ዜማም፣ አባባልም፣ የአለባበስ ፈሊጥም ከአንዱ አእምሮ ወደ ሌላው እየተገለበጠ ይራባል አለ። ለዚህ ነገር ስም ሲፈልግ መኮረጅን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል ላይ ቆርጦ፣ «ጂን» ከሚለው ጋር ቤት እንዲመታለት «ሚም» አለው። በዚያ ዓመት በየኪሱ የሚያዝ ስልክ ቀርቶ በየቤቱ የሚቀመጥ ኮምፒዩተር እንኳ ብርቅ ነበር። ስለዚህ ሚም የኢንተርኔት ልጅ አይደለም፤ ኢንተርኔት መንገዱን አስፋልት አደረገለት እንጂ።

እኛ ደግሞ ስሙን ሳናውቀው ከነገሩ ጋር ኖረናል። አለቃ ገብረ ሐናን ያስታውሷል። በ19ኛው መቶ ዘመን የኖሩ ሊቅ ናቸው፤ ዛሬ በስማቸው የሚነገረው ቀልድ ሁሉ ግን የእሳቸው ነው ብሎ የሚምል የለም። አንድ ሰው ጥሩ ቀልድ ሲያመጣ ባለቤት ይፈልግለታል፤ አለቃም ሳይጠየቁ ባለቤት ይሆናሉ። ሰዎቹ ፊት ለፊት የሚቀመጡበትን ታክሲ «ውይይት» ያለው ማን ነው? በፍጥነቱ ብዙ ሕይወት ያጠፋውን የአይሱዙ የጭነት መኪና «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመውስ? ፊርማ የለውም። በአዲስ አበባ በጊዜው ሲኒማ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ስም አወጣለት፤ ሕንፃው አገልግሎቱን ከለወጠ በኋላም ስሙ ሰንብቷል።

ከፊልም የተቀዱ አባባሎችማ አሉን። አንድ ሰው የማይታመን ነገር ሲያወራ፣ ወይም እንባና ዘፈን ያበዛ እንደ ሆነ «ይሄማ የሕንድ ፊልም ነው» እንላለን። እንዲህ የሚል ሰው ግን ብዙውን ጊዜ በልጅነቱ የሕንድ ፊልም አይቶ አልቅሶ የወጣ ነው። ሁለተኛው አባባል «አክተር አይሞትም» የሚለው ነው። «አክተር» ለእኛ ተዋናይ ማለት አይደለም፤ ዋናው ልጅ፣ ጀግናው ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ይረግፋል፤ አክተሩ ግን በጥይት ተበሳስቶም ቢሆን ይነሣል። ይህ ሕግ ነበር። በቪዲዮ ቤት ያደገ ልጅ ሁሉ ከሂሳብ ቀመር አስቀድሞ ያጠናው ሕግ።

ሕጉ የፈረሰው «ታይታኒክ» የመጣ ዕለት ነው።

* * *

ጅማ የሲኒማ እንግዳ አይደለችም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት መቀመጫ ስለ ነበረች ከትልልቅ ሕንፃዎች ጋር ሲኒማም ደርሷታል። ለእኛ ለቦሳ አዲስ ልጆች ግን ሲኒማ ማለት ቪዲዮ ቤት ነበር። የእኛው የጭቃ ግድግዳ ያለው፣ መስኮቱ በጆንያ የተሸፈነ፣ ከሃያ የማይበልጡ አግዳሚ ወንበሮች የተደረደሩበት አዳራሽ ነው። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ቆሞ የቀኑ ፊልሞች በጠመኔ ይጻፉበታል፤ አክሽን፣ የሕንድ፣ ካራቴ። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነው፤ ረጅም ፊልም ሲሆን አንድ ብር። ባለቤቱ፣ ጋሼ እንለው የነበረው ሰው፣ መሳሳም ሲመጣ ከወንበሩ ተነሥቶ በጋቢው ቴሌቪዥኑን ይሸፍናል። ጋቢው እስኪነሣ ድረስ ጨለማ ውስጥ የሚነፋው ፉጨት እስከ አስፋልት ይሰማ ነበር።

«ታይታኒክ» በአሜሪካ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 ነው፤ በእኛ 1990 ዓ.ም.። እኛ ዘንድ የደረሰው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በሦስት ሲዲ ተከፋፍሎ ነበር። እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነኝ። መርከቢቱ እ.ኤ.አ. በ1912 በእርግጥ እንደ ሰመጠችና ከ1,500 በላይ ሰው እንዳለቀባት አናውቅም። እኛ የምናውቀው ድኻው ጃክና የሀብታም ልጅ የሆነችው ሮዝ መዋደዳቸውን ነው። ከመርከቢቱ አፍንጫ ላይ፣ ጀንበር ስትጠልቅ፣ ልጅቷ እጆቿን እንደ ወፍ ዘርግታ፣ እሱ ከኋላ ወገቧን ይዞ ሲቆሙ፣ ያ ፉጨተኛ አዳራሽ ጸጥ አለ። ጋሼም ጋቢውን ረሳው።

ሦስተኛው ሲዲ ግን ተጭሮ ነበር። መርከቢቱ ለሁለት ስትሰበር ምስሉም አብሮ ተሰባበረና ቀጥ አለ። ጋሼ ሲዲውን አውጥቶ በሸሚዙ ጠረገው፣ ትንፋሹን እፍ አለበት፤ አልሆነም። ስለዚህ አንድ ሳምንት ሙሉ በሰፈራችን የነበረው ክርክር «ጃክ ሞቷል ወይስ አልሞተም» የሚል ሆነ። አብዛኞቻችን ሕጉን ጠቅሰን ተከራከርን፤ አክተር አይሞትም። በመጨረሻ ሂርማታ አካባቢ ሌላ ቪዲዮ ቤት ገብቶ ያየ ልጅ ሬሳው ሲሰምጥ በዐይኑ ማየቱን መሰከረ። ሊያምነው የፈለገ አልነበረም። ሲያምኑትም ሌላ ክርክር ተነሣ። ሁለቱ ያቺን ሳንቃ ለምን ተራ በተራ አልወጡባትም? ለምን አልተጠጋችለትም?

ይህን ጥያቄ ዓለም ሁሉ ሲጠይቀው እንደ ኖረ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በአሜሪካ «ሚዝ ባስተርስ» የተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ2012 በተግባር ሞክሮ፣ የአደጋ ጊዜ ሰደርያዋን ከሳንቃው ሥር ቢያስሩት ኖሮ ሁለቱም ሊተርፉ ይችሉ ነበር አለ። ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን ራሱ በ2023 ለናሽናል ጂኦግራፊክ በቀረበ ፊልም ሰዎችን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስገብቶ ፈተነው። ሳንቃዋም በ2024 በጨረታ ቀርባ በ718,750 ዶላር ተሸጣለች። ቦሳ አዲስ ላይ በነጻ የተከራከርንበት ሳንቃ መሆኑ ነው።

* * *

እንግዲህ ያ ልጅ። ስሙን አልጽፍም፤ ሁላችንም የምንጠራው ስሙን አይደለምና። ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል፤ ዘጠነኛ ክፍል ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉሩን በውኃ አርጥቦ ወደ ግንባሩ የሚያወርድ። አንዲት የክፍሉን ልጅ እንደሚወድ እሷም እኛም የሰፈሩ ዶሮም ያውቅ ነበር።

የኅዳር ወር ነው፤ ቡና የሚገባበት ሰሞን። ከትምህርት ቤት በቡድን በቡድን ሆነን ስንመለስ፣ ጀንፈል ቡና የጫነ አይሱዙ በዝግታ ያልፈናል። ከጆንያዎቹ አናት ላይ ያ ልጅ ተቀምጧል። ልጅቷ ከፊታችን ከጓደኞቿ ጋር ናት። ልጁ አያት፤ ብድግ ብሎ ቆመ፤ ሁለት እጆቹን ዘረጋ፤ ጃክ ከመርከቧ አፍንጫ ላይ ቆሞ የዓለም ንጉሥ ነኝ ብሎ የሚጮኸውን ጩኸት በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጮኸው። መኪናው ጉድጓድ ገባ። ንጉሡ በአፍ ጢሙ ጆንያው ላይ ተደፋ፤ አንድ ጫማው አስፋልት ላይ ወደቀች።

የሳቁን ነገር ልገልጸው አልችልም። ሱቅ ውስጥ የነበሩ ሁሉ ወጡ። ከዚያ ሁሉ ሳቅ መሀል «ጃ-ክ!» ብሎ የጮኸው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈውም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

በማግሥቱ የትምህርት ቤቱ ግማሽ «ጃክ» አለው። በሳምንቱ የማያውቁት ሕፃናት እጃቸውን ዘርግተው ይከተሉት ጀመር። ኳስ ስንጫወት ጎል ያገባ ሁሉ እጁን ዘርግቶ ይወድቃል፤ ጨዋታው ራሱ «ጃክ መሥራት» ተባለ። ልጁ የአዌቱን ወንዝ ተከትሎ በሌላ መንገድ ወደ ቤቱ መሄድ ጀመረ። በዓመቱ ትምህርቱን አቋረጠ፤ አጎቱ ዘንድ ወደ አጋሮ ሄደ ተባለ። እኛ ግን «ጃክ መሥራት»ን ቀጠልን። በኋላ የመጡት ልጆች ልጁንም ፊልሙንም ሳያውቁ ይሠሩት ነበር።

* * *

በዚያው ዘመን ዓለምም «ጃክ ይሠራ» ነበር። ፊልሙ በታሪክ የመጀመሪያው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገባ ፊልም ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ዐሥራ አንድ ኦስካር ወሰደ። ካሜሮን ሽልማቱን ሲቀበል ያንኑ የጃክን ጩኸት መድረክ ላይ ደግሞት፣ ለዓመታት መሳለቂያ ሆነ። በመርከብና በጀልባ የሚሳፈር ሁሉ አፍንጫው ላይ ወጥቶ እጁን ዘረጋ። ታሊባን ፊልምን ሁሉ በከለከለባት ካቡል እንኳ የፊልሙ ካሴት በስውር ይዞር ነበር፤ በጥር 2001 ደግሞ የወጣቱን ሁሉ ፀጉር እንደ ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ የቆረጡ ሃያ ስምንት ፀጉር አስተካካዮች ታሰሩ። የእኛ ሰፈሩ ልጅ ፀጉሩን በውኃ አርጥቦ ግንባሩ ላይ ሲያወርድ፣ በካቡል ያለ እኩያው ለዚያው ቁርጥ ወኅኒ ይሰጋ ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ልብ ይሏል። ያንን ትዕይንት መጀመሪያ ያነገሡት በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጃገረዶች ናቸው፤ ደጋግመው ሲኒማ እየገቡ ያለቀሱት እነሱ ናቸው። ፌዙም የተጀመረው ከዚያው ላይ ነው። «የልጃገረድ ፊልም» ተባለ። ሰው በአሥራ አምስት ዓመቱ ያመነውን ነገር በሃያ ዓመቱ ያፍርበታል፤ ያፈረበትን ደግሞ ሌላው ሳይስቅበት ቀድሞ ራሱ ይስቅበታል። የፌዝ ሚም አንደኛው ማገዶ ይህ ይመስለኛል። ማንም አምኖት የማያውቀው መጥፎ ፊልም ዝም ብሎ ይረሳል። የሚሳቅበት፣ የታመነበት ነው።

ሁለተኛው ማገዶ አጭርነቱ ነው። ከሦስት ሰዓት በላይ የሚፈጀው ፊልም ውስጥ ሕዝቡ የወሰደው ሁለት የተዘረጉ እጆች ነው፤ ማንም፣ የትም፣ ያለ ገንዘብ ሊሠራው ይችላል። ሦስተኛው፣ ለሌላ ጉዳይ መዋሉ ነው። በፊልሙ መጀመሪያ ላይ አሮጊቷ ሮዝ ነገሩ ከሆነ ሰማንያ አራት ዓመት ማለፉን የምትናገርበት ምስል ዛሬ በኢንተርኔት ላይ ስለ መርከብ አይደለም የሚነገርበት፤ ብዙ ያስጠበቀ ነገር ሁሉ በዚያች አሮጊት ፊት ይነገራል። እኛም አገር መብራት ለቀናት ጠፍቶ ሲመጣ የእሷን ምስል የሚልክልኝ ጓደኛ አለኝ። ትዕይንቱ ባለቤቱን ጥሎ የሕዝብ መጠቀሚያ ሆነ፤ እንደ አለቃ ገብረ ሐና ስም።

* * *

የእህቴ ልጅ ያሳየችኝ ጎረምሳም በዚሁ መንገድ ያለፈ ነው። ነገሩን ላጣራ ሞከርሁ። ምንጩ ስቴፈኒ ሜየር እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተመችው «ቱዋይላይት» የተሰኘ ልብ ወለድ ነው፤ አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከአንድ ደም መጣጭ ጎረምሳ ጋር ትዋደዳለች። ካትሪን ሃርድዊክ የምትባል ዳይሬክተር በ2008 ፊልም አደረገችው። 37 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ከ400 ሚሊዮን በላይ አስገባ፤ እስከ 2012 ድረስ አምስት ፊልም ወጣው። በመጀመሪያው ፊልም ውስጥ ደም መጣጩ ልጅ ልጅቷን በጀርባው አዝሎ ዛፍ ላይ ሊወጣ ሲል በጦጣ ስም ጠርቶ አጥብቀሽ ያዢኝ ይላታል። ያቺ እብዷ የምትባልበት ትዕይንት ደግሞ በ2009 ከወጣው ሁለተኛው ፊልም ናት፤ ተናጋሪው ቴይለር ላውትነር በዚያን ጊዜ ገና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር።

ልጃገረዶች በሰልፍ አደሩለት፤ ሌላው ዓለም ተሳለቀበት። የመጨረሻው ፊልም በ2013 ለዓመቱ መጥፎ ፊልሞች ከሚታደለው የ«ራዚ» ሽልማት ሰባቱን ጠራርጎ ወሰደ። በዚህ ያበቃ መስሎ ነበር። ትዕይንቱ ከወጣ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በኮሮና ዘመን ዓለም ቤቱ ተዘግቶ ሲቀመጥ፣ ያች የስፓኒሽኛ ማቆላመጫ ቲክቶክ ላይ ተነሣች። በሐምሌ 2021 አምስቱም ፊልሞች በአሜሪካ ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጡ የድሮ ልጃገረዶች፣ አሁን እናቶች የሆኑት፣ እየሳቁ እንደ ገና አዩአቸው። ላውትነርም በ2022 ከሌላው ጋር ተደባልቆ በራሱ ድምፅ ላይ አፉን እያንቀሳቀሰ ቀለደ።

ይህ ሳቅ ከመጀመሪያው ሳቅ ይለያል። መጀመሪያ የሳቁት ልጃገረዶቹን ነው። አሁን የሚስቁት ልጃገረዶቹ ራሳቸው ናቸው፤ በድሮው ራሳቸው፣ እየወደዱት። እንዲህ ያለው ቀልድ ማንንም አያቆስልም። ተዋናዩ ተከፍሎታል፣ አድጓል፣ ሲፈልግ አብሮ ይስቃል። ስለዚህ የእህቴን ልጅ ሳቅ ልነቅፍ አልመጣሁም። ቀልዱ የሚከፋው ያልተከፈለው ሰው ላይ ሲያርፍ ነው።

* * *

ያን ዕለት ቡናው ሁለተኛው ሲቀዳ ልጅቷ ሌላ ቪዲዮ አሳየችኝ። ይህኛው ፊልም አይደለም። በከተማችን ያለ አንድ ትምህርት ቤት በር ነው፤ የቱ እንደ ሆነ አልናገርም። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ አበባ ይዞ ይንበረከካል። ልጅቷ ፊቷን በሻሽ ሸፍና ትሮጣለች። ልጁ አበባውን እንደ ያዘ፣ ተንበርክኮ እንዳለ ይቀራል። አንድ ሰው ከዳር ሆኖ ቀርጾ፣ ያችኑ የ«ታይታኒክ» ዜማ በዋሽንት የተበላሸውን ከሥር አድርጎ፣ በቴሌግራም ለቆታል።

«ልጁን ታውቂዋለሽ?»

«አዎ፤ የ‹ቢ› ክፍል ነው» አለች። ከዚያ ሳቋን ቀነስ አድርጋ፣ «ሰሞኑን አልመጣም» አለች።

በማግሥቱ ዝናቡ ጋብ ሲል ሚኒባስ ተሳፍሬ አጋሮ ሄድሁ። ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ዳርና ዳሩን በጥላ ዛፍና በቡና የተሸፈነ ነው። ሰውየው የቡና መፈልፈያ እንዳለው ሰምቼ ነበር። «የጋሽ ጃክ ወፍጮ የት ነው?» ብዬ ስጠይቅ አንድ የባጃጅ ልጅ ሳያመነታ ወሰደኝ። መንገድ ላይ ስሙን ከየት እንዳገኘው ጠየቅሁት። «ጃክ የሚባለውን የቻይና መኪና እዚህ መጀመሪያ የገዛው እሱ ስለ ሆነ ነዋ!» አለኝ። እኔ የጣልሁት ስም እንኳ እኔን ረስቶ ሌላ ታሪክ ፈጥሯል።

ወቅቱ ቡና የሚለቀምበት ስላልነበረ ግቢው ጸጥ ብሏል። ወፍሯል፤ ያ በውኃ ይወርድ የነበረ ፀጉር ሸሽቷል። ወዲያው አወቀኝ። ሻይ አዘዘልኝ፤ ስለ እናቴ ጠየቀኝ፤ ስለ ቡና ዋጋ አወራን። ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ሄጄ በመጨረሻ የመጣሁበትን ነገርሁት። ያን ቀን «ጃክ» ብሎ የጮኸው እኔ መሆኔን።

«አውቃለሁ» አለ። «ድምፅህን አላውቅም እንዴ?»

ቆይቶ እንዲህ ሲል አጫወተኝ። «ያኔ አባቴ ታሞ ነበር፤ እናንተ አታውቁም፤ ለማንም አልተናገርንም። ያን ቀን ከትምህርት ቀርቼ የመጀመሪያ ጭነት ሥራዬ ነው። እሷን ሳያት ደነገጥሁ። ተቀምጬ ካየችኝ ወዛደር መሆኔን ታውቃለች፤ ከቆምሁ ግን ጃክ ነኝ። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ቆምሁ።»

ምን እንደምለው አጣሁ። እኛ ከመላ ሕይወቱ ሁለት የተዘረጉ እጆችና አንዲት የወደቀች ጫማ ቆርጠን ወስደን ለብዙ ዓመት ስቀናል። ከቁራጩ ውጭ ያለውን፣ የታመመውን አባትና በጆንያ የቆሰለውን ትከሻ፣ አላየነውም፤ አልጠየቅነውምም። ይቅርታ ስጠይቀው ሳቀ። «ተወው፤ እዚህ ስሙ ጠቅሞኛል፤ ነጋዴው ሁሉ ያውቀኛል» አለኝ። ከዚያ ግን ልሄድ ስነሣ ሻይ ብርጭቆውን እያዞረ፣ «የዚያን ፊልም መጨረሻ እስካሁን አላየሁትም» አለ። «ሲመጣ አጠፋዋለሁ።»

የዚያን ዘመን ሰፈር ክፉነቱን አልክድም። ሆኖም አንድ ጥሩ ነገር ነበረው፤ የሳቅህበትን ሰው እናት ታውቃታለህ፤ በለቅሶ ቤት ታገኛታለህ። ከሃያ ዓመት በኋላም ቢሆን 45 ኪሎ ሜትር ተጉዘህ በር ታንኳኳለህ። ዛሬ በቴሌግራም በተንበረከከው ልጅ ላይ የሚስቀው ሰው ግን ምናልባት መቀሌ፣ ምናልባት ጅዳ፣ ምናልባት ዋሽንግተን ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ቢል እንኳ የማንን በር ያንኳኳል?

ማታ ቤት ስገባ ለእህቴ ልጅ ሁሉንም ነገርኋት። ዝም ብላ አዳመጠችኝ።

«ልጅቷስ?» አለች በመጨረሻ። «ያቺ የሚወዳት ልጅ ስቃ ነበር?»

አልጠየቅሁትም ነበር። እኔም ለዚያ ሁሉ ዓመት እሷን ለማየት ዞር ብዬ አላውቅም።

ልጅቱ ስልኳን አወጣች። ቪዲዮውን ለሦስት ግሩፕ ልካው እንደ ነበር ያን ጊዜ ነገረችኝ። አንድ በአንድ እየገባች የላከችውን አጠፋች። ሦስተኛውን ስታጠፋ ቀና ብላ አየችኝ።

«የእኔን አጥፍቻለሁ» አለች። «ሌሎቹ የወሰዱትን ግን አልችልም።»

እናቴ፣ የምናወራው ያልገባት፣ የምንስቅበት ነገር ያለ መስሏት «እናንተ፣ ለእኔም ንገሩኝ እንጂ» አለች።